ቦምብ እየወረደ ስለ ማርስ ወረቀት ያባዙ የነበሩ ሰዎች

ጨረቃ_ተጓዥ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ከሥራ ስገባ ሌላውን ሁሉ ትቼ የማነበው ስለ አንዲት ሚጢጢ መጽሔት ነው። መጽሔት ማለቱም ይከብዳል። ጥቂት የተባዙ ወረቀቶች ናቸው። ሙሉ ስሟ «ፊውቸሪያን ዋር ዳይጀስት»፣ የቤት ስሟ ደግሞ «ፊዶ»። ፈረንጆች ለውሻ የሚያወጡት ስም ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንግሊዝ ውስጥ በሳይንስ ልቦለድ ያበዱ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ገና ሃያን ያልዘለሉ። ከአሜሪካ የሚመጡ ርካሽ መጽሔቶችን እያሳደዱ ያነባሉ። ከዚያ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። አልፎም የየራሳቸውን ወረቀት በማባዣ እያባዙ በፖስታ ይላላካሉ። ጃንዋሪ 1937 ሊድስ ከተማ ላይ ጉባኤም አድርገዋል። ሰዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ታወጀ። ማኅበራቸው ሥራ አቆመ። አዘጋጆቹ ተራ በተራ ለውትድርና ተጠሩ። በቃ፣ አለቀ ደቀቀ ያስብላል። ግን ኦክቶበር 1940፣ ለንደን ሌሊት ሌሊት በቦምብ እየተደበደበች ባለችበት ወር፣ ማይክል ሮዘንብሉም የሚባል የሊድስ ሰው ፊዶን ጀመረ። እስከ ማርች 1945 ድረስ 39 እትም አወጣ። 39! እኔ ብሎግ ከፍቼ ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ነው የቆምኩት።

አሁን የምለው ነገር አለኝ፣ ተከራከሩኝ። እነዚህ ሰዎች መጽሔት ያወጡ ይመስላቸው ነበር እንጂ የሚሠሩት ሌላ ነገር ነው። ልቦለዱ ሰበብ ነው። ፊዶ ውስጥ ማን ዘመተ፣ ማን የት ተመደበ፣ ማን አድራሻ ቀየረ የሚለው ወሬ ነው ልብ የሚይዘው። ከማርስ ይልቅ የጎደለው ወንድማቸው ነው ያሳሰባቸው።

ሸገር_ነኝ

ይቅርታ አድርግልኝና እኔ አልገባኝም። ሰው እያለቀ ስለ ማርስ? ቅንጦት ነው። ደግሞ ይሄ ሮዘንብሉም ለምን አልዘመተም? ጓደኞቹ ሲተኮስባቸው እሱ ታይፕ ይመታል?

ጨረቃ_ተጓዥ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አልዘመተም። ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ጦር መሣሪያ አልይዝም ካሉት አንዱ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በዚያ ጦርነት 60,000 ያህል ሰው እንዲህ ብሎ ተመዝግቧል። ዝም ብሎ «አልፈልግም» ማለት አይቻልም። ሸንጎ ፊት ቀርበህ ትጠየቃለህ። ከተፈቀደልህም ቤትህ ቁጭ አትልም፣ ሌላ ሥራ ትመደባለህ። ሮዘንብሉም እርሻ ላይ ነበር። ቀን ጭቃ ሲያቦካ ይውላል፣ በተረፈችው ሰዓት ስቴንስል ይመታል።

ይሄ ደግሞ ለወረቀቷ ጠቀማት። ሌሎቹ ወደ ግብጽና ወደ ህንድ ሲበተኑ እሱ አንድ አድራሻ ላይ ቆየ። ሰው ሁሉ ሲበተን አንድ ያልተነቃነቀ አድራሻ ማለት ምን እንደሆነ ከአገር የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። የሚገርመው ዘማቾቹ ለእሱ ይጽፉ ነበር። በአቋሙ የማይስማሙትም ጭምር።

ዮርክሻየር_ሐበሻ

ሊድስ ስትል ዘልዬ ገባሁ። 14 ዓመቴ ነው እዚህ። ይህን ታሪክ ከአንተ መስማቴ አሳፈረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጋዜጦች የዕለቱን የአየር ሁኔታ እንዳይዘግቡ ተከልክለው ነበር። ለጀርመን አውሮፕላን ይጠቅማል ተብሎ። እንግሊዝን ስለ አየር ሁኔታ አታውራ ማለት እኮ የእኛን ሰው ቡና አታፍላ እንደማለት ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤም ሳንሱር ይከፍተዋል። እስቲ አስቡት፣ ሳንሱሩ ቁጭ ብሎ ስለ ጨረር መሣሪያና ስለ ቬኑስ ሰዎች የሚከራከር ደብዳቤ ሲያነብ።

ቡና_ያለ_ስኳር

😂😂 ምስጢራዊ ኮድ ነው ብሎ ይይዛቸው ነበር እኮ።

ጨረቃ_ተጓዥ

እንደቀልድ አትዪው! አሜሪካ ውስጥ ተከስቷል። በአማተሮቹ ወረቀት ሳይሆን በትልቁ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት ላይ። ማርች 1944 «አስታውንዲንግ» ላይ ክሊቭ ካርትሚል የሚባል ጸሐፊ ስለ አቶሚክ ቦምብ አንድ አጭር ልቦለድ አወጣ። እውነተኛው ቦምብ ገና በድብቅ እየተሠራ ነው። የደህንነት ሰዎች እነ ካርትሚል ዘንድ ከተፍ አሉ። ከየት አገኘኸው? ከቤተ መጻሕፍት። በግልጽ ከታተመ የሳይንስ ጽሑፍ ገጣጥሞ ነው የጻፈው።

ጋሽ_ታይፕ

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ የዚህ የማርስ ነገር ብዙም አይገባኝ። ስቴንስል የሚለውን ቃል ሳይ ግን እጄን በላኝ።

በሰባዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ፈተና የማባዛው እኔ ነኝ። ለማያውቅ ልንገራችሁ። ስቴንስል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው። ከመኪናው ላይ ሪባኑን ታወርዱታላችሁ። ከዚያ ፊደሉ ራሱ ሰሙን እየበሳ ያልፋል። ቀለም የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አመታታችሁ እኩል መሆን አለበት። ቀስ ካላችሁ አይበሳም። ከጠነከራችሁ ደግሞ ክብ ያለበት ፊደል ወልቆ ይወድቃል። «ዐ» ብላችሁ ትመታላችሁ፣ መሃሏ ቦርቅቆ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። «ዐይን» የሚለው ቃል ዐይኑ ጠፍቶ ማለት ነው።

ስትሳሳቱ የምትቀባ ቀይ ፈሳሽ አለች። የጥፍር ቀለም ትመስላለች። ቀብታችሁ፣ እፍ ብላችሁ፣ ስትደርቅ ደግማችሁ ትመታላችሁ። ሽታዋ ራስ ያዞራል። አንዴ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና ሁለተኛውን ገጽ ገልብጬ አባዝቼው 200 ልጅ ወረቀቱን እያዟዟረ ተፈተነ። ዳይሬክተሩ ለአንድ ወር «ጋሽ ዘቅዝቅ» ሲሉኝ ከረሙ።

የእናንተ ሰውዬ ይህን ሁሉ ያደረገው ያለ ደመወዝ ከሆነ፣ ወይ ጀግና ነው ወይ ንክ ነው።

ቡና_ያለ_ስኳር

ጋሼ ኑሩልን። «ጋሽ ዘቅዝቅ» 😂

የፈረንጆቹም ፈሳሽ እንደዚያው የጥፍር ቀለም የሚመስል ነበር። አድናቂዎቹ ስም ሁሉ አውጥተውለታል፣ «ኮርፍሉ» ይሉታል። ቃል ማውጣት ይወዳሉ። አድናቂ ራሱ ለሚያወጣው መጽሔት የተሰጠው «ፋንዚን» የሚለው ስም ራሱ የእነሱ ነው። ሉዊስ ራስል ሾቬኔ የሚባል አሜሪካዊ ኦክቶበር 1940 በራሱ ወረቀት ላይ ነው ያወጣው። ከፊዶ ጋር በአንድ ወር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሾቬኔ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። ይህን ሳነብ ገረመኝ፣ ከዚያ ደግሞ አልገረመኝም። ሁሉም ወሬ በወረቀት የሚሄድበት ሰፈር ነው። ማንም ማንንም በጆሮው አይሰማም።

ሸገር_ነኝ

እሺ ቅንጦት ያልኩትን ለጊዜው እይዘዋለሁ። ግን ወረቀቱን ከየት አመጡት? ጦርነት ላይ ወረቀት ራሽን አልነበረም?

ጨረቃ_ተጓዥ

ነበር እንጂ። የእንግሊዝ ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ ነው። አፕሪል 1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትይዝ የእንጨቱ ግብዓት ቀረ። ጁን ላይ ፈረንሳይ ስትወድቅ ከሰሜን አፍሪካ የሚመጣው የወረቀት ሣር ተከተለ። አሳታሚዎች ከጦርነቱ በፊት ከሚጠቀሙት 60 በመቶ ብቻ ተፈቀደላቸው፣ በኋላ ከዚያም ወረደ። ትልልቆቹ ዕለታዊ ጋዜጦች አራት ገጽ ሆኑ። በዚያ ላይ ዲሴምበር 29 ቀን 1940 ሌሊት የለንደን መጻሕፍት ሰፈር፣ ፓተርኖስተር ሮው፣ ነደደ። በሚሊዮን የሚቆጠር መጽሐፍ አብሮ።

ፊዶ እንግዲህ ያገኘችውን ትለብሳለች። የወረቀቱ ቀለም ይለያያል፣ መጠኑም ይለያያል። ደስ የሚለኝ ግን ይሄ ነው፤ ትርፍ ትጭን ነበር። እንደ ሚኒባስ። ሌላው ዘማች ወይም ተማሪ ራሱን ችሎ መጽሔት ማውጣት ሲያቅተው አንድ ሁለት ገጽ አባዝቶ ለሮዘንብሉም ይልካል። እሱ ከፊዶ ጋር አብሮ ያሽገዋል። አንድ ፖስታ ስትከፍት ውስጡ ሦስት አራት የተለያየ ሰው ወረቀት ይወጣል። ስማቸው የየራሳቸው፣ ተሳፋሪዎቹ የፊዶ።

ፋርማሲስቷ

ጋሽ ታይፕ ስለ ስቴንስል ከነገሩን እኔ ደግሞ ስለ ድሆቹ ዘዴ ልናገር። ማባዣ ማሽን መግዛት ያልቻለው ልጅ ሄክቶግራፍ ይጠቀም ነበር። ማሽን አይደለም፣ ጄሊ ነው! ጀላቲንና ግሊሰሪን አፍልተህ ትሪ ላይ ታረጋዋለህ። በሐምራዊ አኒሊን ቀለም የጻፍከውን ወረቀት በፊቱ ትደፋበታለህ። ጄሊው ቀለሙን ይጠጣል። ከዚያ ባዶ ወረቀት እየለጠፍክ እያነሳህ ትገለብጣለህ። ቢበዛ ሃምሳ ያህል ደህና ቅጂ ይወጣዋል፣ እየፈዘዘ እየፈዘዘ።

እና ጦርነቱ እዚህም ገባ። ግሊሰሪን እኛ እግር ሲሰነጠቅ የምንቀባው ነው። ያኔ ግን ለፈንጂ ይፈለግ ነበር። ናይትሮግሊሰሪን የሚሠራው ከእሱ ነው። ማለትም ያ ልጅ ስለ ጨረቃ ለማተም የሚፈልገውን ማንኪያ ግሊሰሪን ጦር ሚኒስቴሩም ይፈልገዋል።

ቀለሙን ደግሞ አስቤ አስቤ ደረስኩበት። ጂ.ቪ! ለአፍ ቁስል የምንሸጠው ሐምራዊው ጄንሺያን ቫዮሌት ከዚያው ከአኒሊን ቀለም ቤተሰብ ነው። ቅዳሜ ልሞክረው ነው። ግሊሰሪንም ጂ.ቪም መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ሸገር_ነኝ

ጀላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። ጾም ላይ ነን እህቴ።

ፋርማሲስቷ

አልበላውም፣ ላነበው ነው።

ቡና_ያለ_ስኳር

ሴቶች አልነበሩም ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ከዚያ ራሴ ፈለግኩ። ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሚርትል ዳግላስ የምትባል ነበረች፣ በሰፈሩ ስም «ሞሮዮ»። ስሟን ያወጣችው ኤስፔራንቶ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ፊደላት ነው። ፎረስት አከርማን ከሚባል ሌላ አድናቂ ጋር «ቮይስ ኦቭ ዘ ኢማጂ-ኔሽን» የሚባል ወረቀት አወጣች። ከ1939 እስከ 1947 ድረስ 50 እትም። ከዳር እስከ ዳር የአንባቢ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሰዎቹ ይጣሉበታል፣ ይታረቁበታል፣ ስለ ጦርነቱ ይከራከሩበታል። የዛሬው ክር ማለት ነው፣ ምላሹ በሁለት ወር የሚመጣ።

አከርማን ወደ ጦሩ ተጠርቶ እዚያው ካሊፎርኒያ ፎርት ማካርተር ውስጥ የካምፑ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ወንድሙ ግን ቤልጂየም ላይ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1945፣ ሞተ። «ቅንጦት» ላልከው ወንድሜ፣ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ጦርነቱ እንዲህም ይገባል።

ሸገር_ነኝ

አነበብኩ። ቅንጦት የምትለዋን አንሥቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። የእኛ ሰው በዚያው ዘመን እየሞተ ነበር። ፊዶ የወጣችበት ጊዜ እኮ በእኛ 1933 መግቢያ ነው። አርበኛው ጫካ ነው፣ ጃንሆይ ከእንግሊዟ ባዝ ተነሥተው ካርቱም የደረሱት ከዚያ ጥቂት ወር ቀደም ብሎ ነው። እና እኛ ስለዚያ ስናወራ እንዲህ በዝርዝር አናወራም። የሊድሱን ሰው የወረቀት ቀለም እናውቃለን፣ የእኛ አርበኛ በምን ላይ ደብዳቤ ይጽፍ እንደነበር ግን አናውቅም። ይቆጨኛል።

ጋሽ_ታይፕ

ልጄ እውነት ብለሃል። ግን የወረቀት ጉዳይ ካነሣህ፣ ነቢይ መኮንንን አትርሳ። በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የአሜሪካዊቷን ማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወረቀቷም በቁራጭ በቁራጭ ከእስር ቤት ወጣች። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እሱም ቢሆን ጠባቂ ቢጠይቀው «ምን ቅንጦት ነው» ይባል ነበር እኮ።

ከዚያ በፊትም በእኛ አቆጣጠር በ1966 እና 67 በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ሌሊት ሲበተን ጧት ደጃፋችን ላይ እናገኝ ነበር። የኢሕአፓን ልሳን «ዲሞክራሲያ»ን ማለቴ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሱ ሰው ሞቶበታል። እኔ ያነሣሁት ማሽኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ነው። ያንኑ ማሽን አንዱ ለማርስ፣ አንዱ ለአብዮት፣ እኔ ደግሞ ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ።

ዮርክሻየር_ሐበሻ

ማንም ሳያነሣው እንዳይቀር። እነዚህ ልጆች እነማን ሆኑ? ታዋቂው የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ አርተር ክላርክ ከመካከላቸው ነው። ከጦርነቱ በፊት ለንደን፣ 88 ግሬይስ ኢን ሮድ፣ ከዊሊያም ቴምፕል ጋር አንድ አፓርትመንት ይኖር ነበር። የአድናቂዎቹ ሁሉ መሰብሰቢያ ነበረች። ጓደኞቹ «ኢጎ» ይሉታል፣ ራሱን ስለሚወድ። ጦርነቱ መጥቶ በተናቸው። ክላርክ አየር ኃይል ገብቶ ራዳር ላይ ሠራ። ኦክቶበር 1945 ላይ፣ ፊዶ ከቆመች ሰባት ወር በኋላ፣ አንድ የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚቆሙ የመገናኛ ጣቢያዎች ጻፈ። ዛሬ ጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ የሚያየው እዚያ ነው።

ቴምፕል ደግሞ መድፈኛ ሆኖ ዘመተ። ጦር ሜዳ ላይ ልቦለድ ይጽፍ ነበር። ረቂቁ ሰሜን አፍሪካ ላይ ጠፋበት። ደግሞ ጻፈው። ጣሊያን ላይ እንደገና ጠፋበት። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈው፣ 1949 ታተመለት። እኔ ስልኬ ላይ የጻፍኩት ኖት ሲጠፋብኝ ሳምንት አኮርፋለሁ።

ጨረቃ_ተጓዥ

የቴምፕልን ነገር አላውቅም ነበር። ተባረክ።

አሜሪካ ጋ ስንመለስ እነሱ ቦምብ አልወረደባቸውም። ግን ሎስ አንጀለስ ላይ በ1942 ሊካሄድ የነበረው ትልቁ ጉባኤያቸው ተራዝሞ 1946 ላይ ነው የተደረገው። የወረቀት እጥረትም ነካቸው፤ «አንኖውን» የሚባለው ተወዳጅ መጽሔት በኦክቶበር 1943 እትሙ ቆመ። ትልቅ አሳታሚ ያለው መጽሔት ሲዘጋ የአንድ እርሻ ሠራተኛ ፊዶ ግን እየወጣች ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለ፣ የሚከስር ነገር የለ፣ ሁለት ገጽም ቢሆን እትም ነው። ማን ይዘጋዋል?

እና ጠብ! ጠባቸውን አልነገርኳችሁም። ከጦርነቱ በፊት ጁላይ 1939 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ሲደረግ አዘጋጆቹ ስድስት ሰዎችን «ትበጠብጣላችሁ» ብለው በር ላይ መለሷቸው። ጦርነቱ ተጀምሮ አልቆ እንኳ ስለዚያች በር ይከራከሩ ነበር። የእኛ ዕቁብ በሉት።

ቡና_ያለ_ስኳር

ዕቁብ አይደለም፣ የዲያስፖራ ማኅበር ነው። ለሁለት ተከፍለው አንድ ዓይነት ስም ይይዛሉ።

ዮርክሻየር_ሐበሻ

ዝም በይ፣ ሰምተውናል 😂

ፋርማሲስቷ

ሪፖርት። ቅዳሜ ሞከርኩት።

ጀላቲኑን ከሱፐርማርኬት የኬክ ዕቃ መደርደሪያ አገኘሁ። ግሊሰሪኑ ብዙ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው ጄሊ አንሶበት ወረቀቱን ቆርጦ አስቀረው። ሁለተኛው ረጋ። ጂ.ቪው ቀጥኖ ስለነበር ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አወፈርኩት። በጥጥ ጫፍ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ የዚህን ክር መክፈቻ አሳጥሬ። ደፋሁት። ሁለት ደቂቃ። ሳነሣው ጄሊው ላይ ጽሑፉ ግልብጥ ብሎ ቁጭ አለ። ጮህኩ። እናቴ የተቃጠልኩ መስሏት መጣች።

17 ቅጂ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ቆንጆ ናቸው። አሥረኛው ላይ «ሊድስ» «ሊስ» ሆኗል። አሥራ ሰባተኛው ላይ የሚነበበው «ወንድማቸው» የሚለው ብቻ ነው፣ እሱን አወፍሬ ስለጻፍኩት። እጄ እስከ አንጓዬ ሐምራዊ ነው። ሰኞ ደንበኛ ሁሉ የአፍ ቁስል የያዘኝ መስሎት ከንፈሬን ያየኝ ነበር።

ጋሽ_ታይፕ

ጎበዝ! ለእኔ አንድ ላኪልኝ። አሥራ ሰባተኛውን ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ዐይኔም እንደዚያው ነው።

ሸገር_ነኝ

እኔም አንድ። እና ባዶ ቦታ ካለ ስለ አርበኞቹ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ልጽፍ፣ ትርፍ ትጭኚኛለሽ?

ፋርማሲስቷ

እጭናለሁ። ግማሽ ገጽ ብቻ ግን፣ ጂ.ቪው እያለቀ ነው። አሁን ችግሩ ይሄ ነው፦ ከእናንተ መካከል ዛሬም የሚከፍተው የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው አለ?

ጋሽ_ታይፕ

እኔ አለኝ። ቁልፉን ልፈልግ።